«የሚወደውን እያደረገ ነው የሞተው» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከካሊፎርኒያ ነው። ነርስ ነኝ፤ 36 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ እዚሁ ባሕሩ አጠገብ ተወልዶ ያደገ አሜሪካዊ ነው። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለን። እናቴም አብራን ትኖራለች።

ባለቤቴ ሰርፈር ነው። ሰርፈር ስል ልጆች የሚጫወቱበትን ትንሽ ሞገድ ማለቴ አይደለም። በብርዱ ወራት ከሩቅ የሚመጣውን፣ ሦስትና አራት ፎቅ የሚያህለውን ማዕበል ነው በቦርድ የሚጋልበው። ሳገባው አውቅ ነበር። «ልጅ ሲመጣ ይተዋል» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አልተወም።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የልብ ጓደኛው በዚሁ ሞተ። የገቡት አብረው ነበር። ማዕበሉ ደፈቀው፤ ሳይወጣ ቆየ። ካገኙት በኋላ ደረቱን እየተጫኑ ሞከሩ፤ አልሆነም። ይህ ሰው ለእኛ ባዳ አልነበረም። ፋሲካን የሚውለው እኛ ቤት ነው። ዶሮውን በእጁ እየበላ እናቴን «እማማ» ይላታል። እሷም «ይሄ እብድ ደግሞ መጣ» ትላለች፤ ግን ፈረሰኛውን የምታስቀምጠው ለእሱ ነበር። ልጄን ዋና ያስተማረው እሱ ነው።

የጓደኞቹ ሐዘን አልገባኝ አለ። ማታ ማታ ተሰብስበው ቢራ ይጠጣሉ፣ የድሮ ቪዲዮ ያያሉ፣ ይስቃሉ። ያገኘኝ ሁሉ «የሚወደውን እያደረገ ነው የሞተው» ይለኛል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እናቱንስ አይወዳትም ነበር? ልጄንስ?

የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ በየቦርዳቸው ላይ ተኝተው እየቀዘፉ ይገባሉ፣ ባሕሩ ላይ ክብ ይሠራሉ፣ አመዱን ይበትናሉ። አስከሬኑ ተቃጥሏል። እናቴ «ከሞቱ አሟሟቱ! መቃብር የሌለውን ሰው የት ሄጄ ላልቅስለት?» አለች። እሷ ድሮም ባሕር አትወድም። የአክስቴ ልጅ ከጅቡቲ ኦቦክ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባዋ ተገልብጣ ቀርቷል፤ ሬሳውም አልተገኘ። ለልጄ «ባሕሩ በላው» ብላ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ገላውን መታጠብ እንኳ ይፈራል። ይኸው ልጅ ደግሞ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ካልገባሁ እያለ ያለቅሳል።

የሟች እናት ደውላ «ነይልኝ፤ ያንን ቡናችሁንም ብታመጪ ደስ ይለው ነበር» አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን እግሬ አልሄድ ብሎኛል።

ባለቤቴ አይተኛም። አንድ ሌሊት ጨለማ ውስጥ «አንቺ ነርስ ነሽ። ሦስት ደቂቃ ቀድሜ ብደርስለት ይተርፍ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩት። ይህ ሁሉ እያለ፣ ጥሩ ማዕበል ሲመጣ ተመልሶ ሊገባ ነው። «ለእሱ ስል» ይላል። እኔ ደግሞ በልጃችን ስም ምሎ እንዲተው ላስገድደው ነው። አሻፈረኝ ካለ ልጄን ይዤ እወጣለሁ ልለው ነው። ልክ ነኝ? ቅዳሜስ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ዳር ላይ የቆምኩት

*

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

በዚህ ልጀምር ያልኩት እስካሁን ይህን ያለሽ ሰው ያለ ስላልመሰለኝ ነው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የባልሽ ሐዘን አለ፣ የእናትሽ አለ፣ የልጅሽ አለ፣ የሰርፈሮቹም አለ። ያንቺ የለም። ፋሲካን ቤትሽ የሚውል፣ ልጅሽን ዋና ያስተማረ ሰው ነው የሞተብሽ። አልቅሰሻል? ወይስ ሁሉንም እየደገፍሽ፣ ሥራ እየገባሽ፣ እራት እያቀረብሽ አሥራ ሁለት ቀን አለፈ? መልሱን ለኔ አትጻፊልኝ። ለራስሽ ብቻ መልሺው።

አሁን ወደ ንዴትሽ ልምጣ። «የሚወደውን እያደረገ ነው የሞተው» የሚለው ቃል እኔንም ይቆረቁረኛል። ግን እኛም ቤት እንዲህ ያለ ቃል አለን። «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። «ጽዋው ሞልቶ ነው» እንላለን። የሃያ ዓመት ልጇን የቀበረች እናት ፊት ተቀምጠን እንዲህ እንላለን፤ የእሷ ደም አይፈላም ብለሽ ነው? ለቀስተኛ ሞት ፊት ሲቆም አፉ ባዶ እንዳይሆን የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሌላም ጭንቀት አለባቸው። አብዛኞቹ ወደዚያው ውሃ ይመለሳሉ። ጓደኛችን በከንቱ ሞተ ካሉ፣ እነሱስ ነገ ምን ሊሠሩ ነው የሚገቡት? ስለዚህ ቃሉን የሚናገሩት ላንቺ ብቻ አይደለም፤ ለራሳቸውም ነው። መቀበል የለብሽም። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ሲልሽ «ይሆናል። እኔን ግን ናፍቆኛል» በዪውና ዝም በዪ። ብዙዎቹ እዚያው ፊትሽ የሚያለቅሱ ይመስለኛል።

ስለ ሳቁ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ልቅሶ ቤት አድረሽ ታውቂያለሽ? ድንኳን ውስጥ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ካርታ የሚጫወቱትን ሰዎች ታስታውሻለሽ? አባቴ የሞተ ጊዜ አንድ ጎረቤታችን የአባቴን ቀልዶች እያነሳ ድንኳኑን ሙሉ በሳቅ ገደለው። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ በጣም ተቀየምኩት። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ልቅሶ በጆሮዬ የቀረው የእሱ ወሬ ነው። የሙሾዋን ግጥም አንድ ስንኝ አላስታውስም።

ቅዳሜ የሚያደርጉት ነገር መነሻው ሃዋይ ነው። ዱክ ካሃናሞኩ የሚባል በኦሊምፒክ ዋና ወርቅ ያመጣ፣ ሰርፊንግን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 ሲሞት ዋይኪኪ ላይ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ፣ በታንኳ ገብተው አመዱን ባሕሩ ላይ በተኑት። ዛሬ ሰርፈር ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚሸኘው። ቦርዳቸው ላይ እየቀዘፉ ይወጣሉ፣ ክብ ይሠራሉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። አንዱ ይናገራል። አበባ ይጥላሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ውሃውን በመዳፋቸው እየመቱ ወደ ላይ ይረጩታል፣ ይጮኻሉ። ፌሽታ ሊመስልሽ ይችላል። እኔ ግን በቪዲዮ ያየሁ ጊዜ የታየኝ ሌላ ነው። እኛ ደረት እንመታለን፤ እነሱ ውሃውን ይመታሉ።

ማቃጠሉን በተመለከተ እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። የከበደሽ እሱ ከሆነ የንስሐ አባትሽን ከቅዳሜ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። ግን አንቺ የተጠራሽው አስከሬን ለማቃጠል ወይም ለመባረክ አይደለም፤ ልጇ የሞተባትን እናት ለማጽናናት ነው። ይህ ደግሞ ከየትኛውም አገርሽ ልማድ ጋር የሚጣላ አይመስለኝም።

አንድ መስመር ላይ ግን ቆም አልኩ። «የአክስቴ ልጅ ከጅቡቲ ኦቦክ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባዋ ተገልብጣ ቀርቷል» ብለሽ ጻፍሽና ወዲያው ወደ ሌላ ነገር አለፍሽ። እናትሽ የእህቷን ልጅ ባሕር ወስዶባታል። ለእሱ ተለቀሰለት? ተዝካር ወጣለት? ወይስ «ምናልባት እስር ቤት ይሆናል፣ ምናልባት ይደውላል» እየተባለ እንዲሁ ቀረ? ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ልቅሶ ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ ተንጠልጥሎ እንደቀረ አንቺም እኔም እናውቃለን። ለእኛ ለዚህ ዘመን ሰዎች ባሕር ማለት ይኸው ነው። ቀይ ባሕር ነው፤ ሜዲትራንያን ነው። ሰው ሳይወድ በግዱ ገብቶ የሚቀርበት ቦታ ነው። ታዲያ አንድ ሰው ምንም ሳይጎድለው ለደስታው ሲል ማዕበል ፍለጋ ሲሄድ ስናይ አንጀታችን ቢቃጠል ምን ይገርማል? እናትሽ «ይሄ እብድ» ስትለው የነበረው ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ይህ ይመስለኛል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አይታለች።

እና እናትሽን «ነገሩ ባህላቸው ነው» ብለሽ ለማስረዳት አትድከሚ። ይልቅ የኤዲ አይካውን ታሪክ ንገሪያት። ኤዲ ሃዋይ ውስጥ ዋይሜያ የተባለው ባሕር ዳርቻ የመጀመሪያው ነፍስ አድን ሠራተኛ ነበር። ብዙ መቶ ሰው ከውሃ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1978 ሆኩሌአ በምትባል ባለ ሸራ ታንኳ ከጓደኞቹ ጋር ሲጓዝ ሌሊት ተገለበጡ። እሱ እርዳታ ላምጣ ብሎ በሰርፍ ቦርዱ ብቻውን እየቀዘፈ ሄደ። ሌሎቹ ተገኙ። እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በስሙ የሚደረገው ውድድር ማዕበሉ በቂ ካልሆነ አይካሄድም፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከአሥር ጊዜ ብዙም ያልበለጠ ነው የተካሄደው። ለእሱ መታሰቢያ ግን ሰርፈሮቹና ቤተሰቡ ውሃው ላይ ተሰብስበው ክብ ይሠራሉ። መቃብር የለውም። የሚለቀስበት ቦታ ግን አለው። እናትሽ ይህ የሚገባት ይመስለኛል፤ ካንቺም ከኔም ይበልጥ ይገባታል። ከፈለገች ቅዳሜ ነጠላዋን ለብሳ ትምጣ። አሸዋው ላይ ወንበር አድርጉላት። ሁለት አበባ ያዢላት፤ አንዱን ለማን እንደሆነ አትንገሪያት፣ ራሷ ታውቀዋለች። አልመጣም ካለች ደግሞ አትጫኛት። ጧፍ አብርታ ቤቷ ትቀመጥ።

ልጁን በተመለከተ ግን ዛሬውኑ የሚሠራ ሥራ አለ። «ባሕሩ በላው» የሚለውን ከጭንቅላቱ ማውጣት አለብሽ። የሰባት ዓመት ልጅ ቃልን እንዳለ ነው የሚወስደው። የሚበላ ውሃ ካለ የገላ መታጠቢያውም ውሃ ነው። ቁጭ በዪና ባጭሩ ንገሪው። «ትልቅ ማዕበል ውሃ ውስጥ አስቀረው። ውሃ ውስጥ ሰው መተንፈስ አይችልም። ሰውነቱ ሥራ አቆመ፣ ሞተ። ጥፋት ያጠፋ የለም። ቤታችን ያለው ውሃ እንዲህ አያደርግም።» ከዚያ ምን እንዳሰበ ጠይቂው። ምናልባት «አባቴም ይሞታል?» ይልሻል። «አይሞትም» ብለሽ አትማዪለት። «አባትህ እንዲጠነቀቅ እኔም እሱም እየተነጋገርን ነው» ካልሽው ይበቃዋል። ይህን አባቱ ባለበት ብትነግሪው ደግሞ ሁለቱም ይሰሙሻል።

ክቡ ውስጥ ይግባ አይግባ ለሚለው እኔ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለኝ። እንዲህ ያለው ሽኝት አብዛኛውን ጊዜ ባሕሩ ረጋ ሲል ነው የሚደረገው። ቢሆንም በእነዚህ ወራት የሰሜን ካሊፎርኒያ ውሃ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ብርዱ ብቻ ለትንሽ ልጅ ቀልድ አይደለም። ውሃው የረጋ ከሆነ፣ ከቅዝቃዜ የሚከላከለውን የዋና ልብሱንና የሕይወት ጃኬቱን ከለበሰ፣ አባቱ ቦርድ ላይ ፊት ለፊቱ አስቀምጦት ዳር ዳሩን አዙሮት ይመልሰው። ወደ ውጭ ግን አይወጣም። አባቱ ክቡ ውስጥ ሲሆን ልጁ ካንቺ ጋር አሸዋው ላይ ሆኖ አበባውን ይወርውር። እዚህ ላይ ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም። እናት ነሽ፤ ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ወደ ባልሽ።

«ሦስት ደቂቃ ቀድሜ ብደርስለት ይተርፍ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅሽ ዝም አልሽ። ዝም ያልሽበት ምክንያት ይገባኛል። ነርስ ነሽ፤ አእምሮ ያለ ኦክስጅን ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ታውቂያለሽ። «አዎ» ብትዪው ትገድዪዋለሽ፣ «አይ» ብትዪው ውሸት ይሆንብሻል። እሱ ግን በጨለማ የጠየቀው ነርሷን አይመስለኝም። «እኔ ነኝ የገደልኩት?» ነው ያለሽ። ያልመለስሽለት ጥያቄ አሁንም እዚያው አልጋችሁ ላይ ነው ያለው። ተመለሺበት። «የዚያን ሌሊት ዝም ያልኩህ ስለፈራሁ ነው። ይተርፍ እንደነበር አላውቅም። ወደ እሱ መሄድህን ግን አውቃለሁ» በዪው። ከዚህ በላይ አትጨምሪ።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ ባልሽ በደንብ ያውቀዋል። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ሃፍ ሙን ቤይ አጠገብ ማቨሪክስ የሚባለው ቦታ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1994 ማርክ ፉ የተባለ ስመ ጥር የሃዋይ ሰርፈር ሞተ። 36 ዓመቱ ነበር። በዚያ ቀን ውሃው ላይ ብዙ ጎበዞች ነበሩ። ጀልባ ነበር፣ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። የወደቀበት ማዕበልም ከቀኑ ትልቁ አልነበረም። ሲወድቅ ፎቶ ተነስቷል። ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ማንም «ፉ የት ሄደ?» አላለም። ሁሉም ወጥቷል ብሎ አሰበ። እሱን ብቻ እንዲያይ የተመደበ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 እዚያው ቦታ ሲዮን ሚሎስኪ ሞተ። ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። ያኔ ጓደኞቹ ከሽኝቱ በኋላ ወደ ቤታቸው ብቻ አልሄዱም። በዚያው ዓመት ዳኒሎ ኩቶና ኮል ክርስቴንሰን የሚባሉ ጓደኛሞች ሰርፈሮችን ሲፒአር (ደረት እየተጫኑ ልብና ትንፋሽ ለመመለስ መሞከር)፣ ነፍስ ማዳንና የአደጋ ግምት የሚያስተምር ቡድን አቋቋሙ። ሼን ዶሪያን የሚባለው ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ማቨሪክስ ላይ ሊሰምጥ ለትንሽ ተርፎ ነበር። ገመዱን ሲስቡት በጋዝ የሚነፋ፣ ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣ ልብስ እንዲሠራ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ትልቅ ማዕበል ላይ ከሚወጡት ብዙዎቹ ያን ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፤ ጄት ስኪ (እንደ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ የውሃ ተሽከርካሪ) ይዞ ዳር የሚጠብቃቸው ሰው አላቸው።

ይህን የነገርኩሽ ላረጋጋሽ ብዬ አይደለም። ልብሱም ጄት ስኪውም ሞትን አላስቀሩም። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ፖርቱጋል ናዛሬ ላይ ማርሲዮ ፍሬይሬ የተባለው ብራዚላዊ ሞተ፤ የ47 ዓመት ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ትልቅ ማዕበል የጋለበ። ነፍስ አድን ሠራተኞች ነበሩ፤ ባሕሩ ዳር ላይ ሞከሩለት፣ አልተቻለም። ሞት ሲያዩ ይተዋሉ ብለሽም አትጠብቂ። ማያ ጋቤይራ እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው ናዛሬ ላይ ራሷን ስታ ከውሃ ወጥታ በሲፒአር ነው የተመለሰችው። ከብዙ ሕክምና በኋላ ተመልሳ በ2020 የ22.4 ሜትር ማዕበል ጋልባ የሴቶቹን የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው። ያገባሽው ከእነሱ አንዱን ነው። «ልጅ ሲመጣ ይተዋል» ብለሽ የተዋዋልሽው ከራስሽ ጋር ነበር። እሱ ያንን ውል ሰምቶት ያውቃል?

የነገርኩሽ «ለእሱ ስል» ለሚለው ቃሉ ነው። ለሟች ጓደኛ የሚደረገው ነገር ማዕበል መጋለብ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የሚሎስኪ ጓደኞች ለእሱ ሲሉ ሌላውን ሰው እንዴት እናውጣ ብለው ተማሩ፣ አስተማሩ። ባልሽ «ሦስት ደቂቃ» እያለ የሚሰቃየው ሰው ማዳን ስለፈለገ ነው። ያ ፍላጎት ቦታ ይፈልጋል። ምናልባት ዘንድሮ ቦርዱን ትቶ ጄት ስኪ ላይ ሆኖ የሚጠብቀው እሱ ሊሆን ይችላል። ይህን አንቺ አታዢው፤ ጠይቂው ብቻ።

መሐላውን በተመለከተ አሁን አታስምዪው እላለሁ። በሐዘን መካከል ያለ ሰው የምትፈልጊውን ሁሉ ይምልልሻል። በኋላ ወይ ያፈርሰዋል፣ ወይ ጠብቆት ይቀየምሻል። ከሁሉ የሚከፋው ተደብቆ መግባት ይጀምራል፤ ያኔ ማን አብሮት እንዳለ እንኳ አታውቂም። «ልጄን ይዤ እወጣለሁ» የሚለውንም ለማስፈራሪያ አትጠቀሚበት። የእውነት ልትወጪ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ውሳኔ ነው፣ መብትሽም ነው። እስካልወሰንሽ ድረስ ግን ከአፍሽ አይውጣ።

ግን ማዕበል አንቺ እስክትረጋጊ አይጠብቅም። የሚቀጥለው ሳምንት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር አሁን ጠይቂው። እስከ አርባው። «እኛ አገር ሰው ሲሞት አርባ ቀን እንቆጥራለን። እስከዚያ ትልቁ ውሃ ውስጥ አትግባ። ለዘላለም አላልኩህም። ሃያ ስምንት ቀን ስጠኝ።» ፈረንጅ አርባ ምን ያውቃል ትዪኝ ይሆናል። አያውቅም፤ ንገሪው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የእነሱን ሥርዓት ስትከተዪ ቆይተሻል። አንድ ያንቺን መጠየቅ አይበዛም። የማይተኛ፣ ራሱን የሚወቅስ ሰው ትልቅ ማዕበል ላይ መውጣት እንደሌለበት ደግሞ ጓደኞቹም ያውቃሉ። የምታምኚው አንድ ጓደኛው ካለ በዚህ ላይ እንዲያግዝሽ ጠይቂው።

በእነዚህ ቀናት ደግሞ በደንብ ተከታተዪው። መጠጡ እየጨመረ ነው? የዚያን ቀን ቪዲዮ እየደጋገመ ያያል? እንቅልፉ ካልተመለሰ የሐዘን አማካሪ ጋ እንዲሄድ አድርጊ፤ መጀመሪያውን ቀን አብረሽው ሂጂ። «እኔ በሄድኩ ይሻል ነበር» የሚመስል ነገር ከተናገረ ግን አታመንቺ፣ በዚያው ሰዓት 988 ደውዪ፤ ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው የእርዳታ መስመር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሌሊትም ቀንም ያነሳሉ።

አርባው ሲያልፍ ቁጭ በሉ። ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ስልክ ሳይኖር። «ተው» ብለሽ አትጀምሪ። ውሃ ውስጥ ስትሆን አንተን ብቻ የሚያይ ሰው ማን ነው? ሲፒአር ለመጨረሻ ጊዜ የተማራችሁት መቼ ነው? ልጅ ከወለድን ወዲህ የቀየርከው ነገር አለ? የሕይወት ኢንሹራንሳችን እንዲህ ያለውን ሞት ይሸፍናል ወይ? (ይህኛውን ወረቀቱን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ብዙ ሰው የሚያነበው ከሞት በኋላ ነው።) መጨረሻ ላይ ያንቺን ንገሪው። ምን ያህሉን ልትችዪ እንደምትችዪ፣ ምን ያህሉን እንደማትችዪ። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን እችለው እንደሆነ አላውቅም። ችዪው ልልሽም አልደፍርም። ግን ያን ቀን የምትናገሪው ቃል የፍርሃት ቃል ሳይሆን ያሰብሽበት ቃል ይሆናል።

ቅዳሜስ? ሂጂ። እናትየዋ ጠርታሻለች፤ ደግሞ አንቺም የምትሸኚው ሰው አለሽ። ውሃው ውስጥ መግባት የለብሽም። ነጠላሽን አድርጊና አሸዋው ላይ ቁሚ። ማልቀስ ከመጣ በራስሽ መንገድ አልቅሺ፤ ድምፅሽ ከፍ ቢል ማንም አይቀየምሽም። ጀበናውን ለወጉ ያዢው፤ ነፋሱ ግን እሳትሽን ስለሚያስቸግርሽ ቡናውን ቤት አፍልተሽ በትልቅ ፔርሙዝ አድርጊው። ደረቅ ፎጣም ሰብስቢ፣ ያገኘሽውን ያህል። ከውሃው ሲወጡ እጃቸው በብርድ ይንቀጠቀጣል። ሲኒውን እስከ አፉ አትሙዪው።